ፐርፍ፦ በባለብዙ ሶኬት ሰርቨር ላይ ሲመዘን

ትልቅ ሰርቨር የሚያስተዳድር ባለሙያ ሲስተሙ ተንቀራፈፈ የሚል አቤቱታ ሲደርሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው ፕሮሰሰሩ ስንት በመቶ ሥራ ላይ እንደሆነ ነው። ይህ ቁጥር ግን 95 በመቶ ሲል ኮሮቹ (የፕሮሰሰሩ የማስሊያ ክፍሎች) በእርግጥ እያሰሉ ይሁኑ ወይስ ከሜሞሪ የሚመጣ ዳታ ቆመው እየጠበቁ አይለይም፤ በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አቆጣጠር ሁለቱም ሥራ ናቸውና። ልዩነቱን የሚመዘግቡት ፕሮሰሰሩ ውስጥ የተሠሩት የሃርድዌር ቆጣሪዎች ሲሆኑ፣ ሊኑክስ ላይ እነሱን ለማንበብ በብዛት የምንጠቀመው መሣሪያ ፐርፍ ነው።

ፐርፍ እ.ኤ.አ. በ2009 ከሊኑክስ ከርነል (ከሲስተሙ እምብርት) 2.6.31 ጋር የወጣ ነጻ መሣሪያ ነው። ለአንድ አምራች ፕሮሰሰሮች ተብለው ከተሠሩት እንደ ኢንቴል ቪቱን እና ኤኤምዲ ዩፕሮፍ ካሉት የሚለየው፣ ኢንቴልም ሆነ ኤኤምዲ ወይም አርም ላይ በአንድ ዓይነት ትእዛዝ መሥራቱ ነው። መልኩ አይማርክም፤ የሚሰጠው ጽሑፍና ቁጥር ብቻ ነው፤ የማብራሪያ ሰነዱም ጉዳዩን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው የተጻፈ ይመስላል።

ለጀማሪ በጣም የሚጠቅመው ክፍል ፐርፍ ስታት ነው። ከሚያወጣቸው ቁጥሮች ውስጥ ቀድሞ መታየት ያለበት በአንድ ሳይክል (በአንድ የፕሮሰሰሩ የሰዓት ምት) ስንት ኢንስትራክሽን (የማሽን ትእዛዝ) እንደተፈጸመ የሚያሳየው ነው። የዘመኑ የሰርቨር ኮር በአንድ ሳይክል አራትና ከዚያ በላይ መፈጸም ስለሚችል፣ ቁጥሩ 0.4 ከሆነ አብዛኛው ጊዜ በጥበቃ እያለፈ እንደሆነ መጠርጠር ይገባል። ቁጥሩ ከፍ አለ ተብሎም ወዲያው ደስ ሊለን አይገባም፤ ሎክ (የጋራ ዳታን በተራ ለመጠቀም የሚያዝ ቁልፍ) እስኪለቀቅለት ድረስ በባዶ የሚሽከረከር ትሬድ (አንድ የፕሮግራም የሥራ ክር) ምንም ሳይሠራ ብዙ ኢንስትራክሽን ሊያስመዘግብ ይችላልና።

ባለብዙ ሶኬት ማሽን፣ ማለትም ከአንድ በላይ ፕሮሰሰር የተገጠመለት፣ ላይ ግን የፐርፍ የመጀመሪያ ድክመት እዚሁ ይታያል። ሌላ ካልታዘዘ በቀር የሁሉንም ኮሮች ቆጠራ ደምሮ አንድ ቁጥር ይሰጣል። እያንዳንዳቸው 64 ኮር ያላቸው ሁለት የኤኤምዲ ኤፒክ 7742 ፕሮሰሰሮች የተገጠሙለትን ሰርቨር ብንወስድ፣ ሲስተሙ የሚያያቸው 256 የሃርድዌር ትሬዶች (በእያንዳንዱ ኮር ሁለት) በአንድ ድምር ውስጥ ይጠፋሉ። አንዱ ሶኬት በአቅራቢያው ካለ ሜሞሪ እያነበበ በፍጥነት ሲሠራ፣ ሌላው ዳታውን ከማዶኛው ሶኬት እያስመጣ ሊጎተት ይችላል፤ ድምሩ ግን መካከለኛ ጤንነት ያሳያል። ስለዚህ ቆጠራው በሶኬት ወይም በኑማ ኖድ (የኮሮች ቡድን ከቅርብ ሜሞሪው ጋር) ተከፍሎ እንዲወጣ ማዘዝ ግዴታ ነው፤ በእኔ አስተያየት ደግሞ እንዲህ ባሉ ማሽኖች ላይ መነሻው ራሱ እንዲህ መሆን ነበረበት።

ለዚህ ማሽን ከሁሉ በላይ የምወድለት እ.ኤ.አ. በ2017 ከከርነል 4.10 ጋር የመጣውን ፐርፍ ሲቱሲን ነው። ኤክስ86 (የኢንቴልና የኤኤምዲ ዓይነት) ፕሮሰሰር ላይ ካሽ (ለኮሩ ቅርብ የሆነ ትንሽ ፈጣን ሜሞሪ) ከካሽ ጋር ዳታ የሚለዋወጠው 64 ባይት በሆነ መስመር ነው። ሁለት ትሬዶች እያንዳንዳቸው 8 ባይት የሆነ የየራሳቸው ቁጥር ቢኖራቸውና ሁለቱ ቁጥሮች በአጋጣሚ አንድ መስመር ላይ ቢያርፉ፣ አንዱ በጻፈ ቁጥር የሌላው ቅጂ ይሻራል፤ ትሬዶቹ በተለያዩ ሶኬቶች ላይ ከሆኑ መስመሩ በሶኬቶቹ መካከል ሲመላለስ ይውላል። ኮዱን በማንበብ ብቻ ይህን ማግኘት በጣም ከባድ ነው፤ ምክንያቱም በኮዱ ላይ ትሬዶቹ የሚጋሩት ምንም ነገር የለም። ሲቱሲ የተጨናነቀውን መስመር፣ ከመስመሩ ውስጥ የትኞቹ ባይቶች እንደተነኩ፣ የነካቸውን ፈንክሽንና የተነሡበትን ኖድ ለይቶ ያሳያል። መፍትሔው አንዳንዴ ሁለቱን ቁጥሮች 64 ባይት ማራራቅ ብቻ ይሆናል።

አንባቢን በቀላሉ የሚያሳስተው ነገር የቆጣሪዎቹ ማነስ ነው። አንድ ኮር ያሉት አጠቃላይ ቆጣሪዎች ጥቂት ናቸው፤ ለምሳሌ በኤኤምዲ ዜን ስድስት ብቻ ናቸው። ከዚያ በላይ ክስተቶች (የሚቆጠሩ ነገሮች) ሲጠየቁ ፐርፍ በየተራ እያፈራረቀ ይቆጥርና የቀረውን በግምት አባዝቶ ያቀርባል። ለዚህ ምልክቱ በቀኝ ጠርዝ በቅንፍ የሚታየው መቶኛ ነው፤ 30 በመቶ ከተባለ ያ ክስተት የተቆጠረው ከጊዜው 30 በመቶው ላይ ብቻ ነው። ባሕርዩ ቶሎ ቶሎ በሚለዋወጥ ሥራ ላይ እንዲህ ያለውን ቁጥር ባላምነው እመርጣለሁ። በቨርቹዋል ማሽን ላይ ደግሞ አከራዩ ቆጣሪዎቹን ካልከፈተ ፐርፍ አይደገፍም ብሎ ያልፋል፤ ያኔ የሃርድዌር ቆጠራውን ማግኘት አይቻልም።

ፐርፍ ችግሩን ያሳያል እንጂ አያስተካክልም። ፕሮግራሙንና ሜሞሪውን በአንድ ኖድ ላይ ማሰር ወይም ሜሞሪውን በሁሉም ኖዶች ላይ ማከፋፈል የሌላ መሣሪያ፣ የኑማሲቲኤል፣ ሥራ ነው፤ የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው የዳታው መጠን ነው። በአንድ ኖድ ሜሞሪ ውስጥ የሚገባ ዳታቤዝ መታሰሩ ሲጠቅመው፣ ከዚያ የሚበልጠውን ማከፋፈል ይሻለዋል። ኑማሲቲኤል በኖዶች መካከል ያለው ርቀት 10 እና 32 ነው ሲል ደግሞ፣ ፈርምዌሩ (ከማሽኑ ጋር የሚመጣው መነሻ ሶፍትዌር) የሰጠውን አንጻራዊ ግምት እንጂ የተለካ ናኖሰከንድ እንዳልሆነ ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ከየለውጡ በኋላ ፐርፍ ስታት ሥራውን ደጋግሞ እንዲያስኬድ ማዘዝ ይቻላል፤ ያኔ ከአማካዩ ጎን የመዋዠቁን መጠን በመቶኛ ይጽፋል። መዋዠቁ 3 በመቶ ሆኖ የተገኘው ፍጥነት 2 በመቶ ብቻ ከሆነ፣ ማስተካከያው መሥራቱ ገና አልታወቀም።