ባለ ዓሣው ሩፋኤል

እኔ ስለገዛሁት ዕቃ አስተያየት የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ስልክ ሲበላሽብኝ ዝም፣ ጫማ ሲገነጠልብኝ ዝም። ይሄኛውን የምጽፈው እህቴ ቤት የመጣ ሰው ሁሉ የመልአኩን የሩፋኤልን ሥዕል እያየ "ከየት ነው የገዛሽላት?" ስለሚለኝና ለየብቻ ማስረዳት ስለሰለቸኝ ነው።

ሱቁ እዚህ ሐዋሳ፣ ገብርኤል አካባቢ ካሉት የንዋያተ ቅድሳት መሸጫዎች አንዱ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ወደ ታች የማማው ነገር አለኝ። ከውጭ ሲያዩት እንደሌሎቹ ነው። ጧፍ በእስር በእስሩ፣ ነጠላ፣ መቁጠሪያ፣ ማዕተብ፣ መዝሙር የሚያንባርቅ ስፒከር። ውስጡ ጠባብ ነው። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል።

የሄድኩት ለእህቴ ብዬ ነው። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ነበር፣ ስምንተኛ ወሯን ጨርሳለች። እማዬ ደወለችና "ሩፋኤልን ግዢላት፣ ራስጌዋ ይሰቀል" አለችኝ። ፈታሔ ማኅፀን ይሉታል፤ ምጥ የሚያቀል መልአክ ነው። እኔ ደግሞ የምሠራው ፋርማሲ ነው። ስለ ምጥ የማውቀው ሌላ ሌላ ነገር ነው። ቢሆንም እማዬን እምቢ የምልበት አንጀት የለኝም።

"ሩፋኤል አለ?" ብዬ ገባሁ። ሻጩ ወጣት ዲያቆን ነው። ግድግዳው ላይ ሚካኤል ብቻ አሥራ አምስት ይሆናል። ገብርኤልማ አይቆጠርም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ወደ ሐዋሳ የሚጎርፈውን ሰው ያየ ለምን ብሎ አይጠይቅም። ታኅሣሥ ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣበት፣ ሐምሌ ቂርቆስንና ኢየሉጣን ከፈላ ውኃ ያዳነበት ነው። ስለዚህ ሥዕሎቹ ወይ እሳት አላቸው ወይ የሚፍለቀለቅ ጋን። ሩፋኤል ግን የለም።

ፈልጎ ፈልጎ ከባንኮኒው ሥር አንድ ላሚኔት የተደረገ ወረቀት አወጣልኝ። ፀጉሩ ቢጫ የሆነ መልአክ ከአንድ ልጅ ጋር መንገድ ይሄዳል። ልጁ ዓሣ አንጠልጥሏል። ከኋላቸው ውሻ አለ። ሳቄ መጣ።

"ይሄማ አሞራ ገደል ነው" አልኩት፤ ሐይቁ ዳር ያለውን የዓሣ ገበያችንን ማለቴ ነው።

እሱም ሳቀ። ከዚያ በርጩማ ሳብ አድርጎልኝ መጽሐፈ ጦቢትን ተረከልኝ። ሰው ቆሞ እየጠበቀው።

አባትየው ጦቢት ግድግዳ ሥር ተኝቶ ሳለ የወፍ ኩስ ዓይኑ ላይ ወድቆ ይታወራል። ሩቅ አገር ያስቀመጠውን ብር እንዲያመጣለት ልጁን ጦብያን ይልከዋል። ልጁ መንገድ የሚያውቅ ሰው ሲፈልግ አንዱ ይገጥመዋል፤ አዛርያስ እባላለሁ ይለዋል። የቀን ሒሳብ ተነጋግረው ይነሳሉ። ውሻውም ይከተላል። ጤግሮስ ወንዝ ላይ ልጁ ሊታጠብ ሲወርድ ትልቅ ዓሣ ሊውጠው ይወጣል። ሰውየው "ያዘው፣ እንዳትለቀው" ይለዋል። ልቡን፣ ጉበቱንና ሐሞቱን ያስቀምጣሉ። ቤት ሲመለሱ ልጁ ሐሞቱን አባቱ ዓይን ላይ ይቀባል፤ ነጩ ነገር ተልጦ ይወርዳል፣ ጦቢት ያያል። ማንነቱን የነገራቸው ደሞዙን ሊከፍሉት ሲሉ ነው። በእግዚአብሔር ፊት ከሚቆሙት ከሰባቱ አንዱ፣ ሩፋኤል። ያን ሁሉ ቀን አብሯቸው ሲበላና ሲጠጣ ያዩት የመሰላቸው ራእይ ነበር።

እዚህ ላይ እንደ ሙያዬ አንድ ነገር ልበል። የዓሣ ሐሞት ዓይናችሁ ላይ እንዳታደርጉ። በተረፈ ታሪኩ አንጀቴን በላው። ከሰማይ መጥቶ፣ ክንፉን ደብቆ፣ በቀን ሒሳብ የተቀጠረ መልአክ አስቡት።

ዲያቆኑ ነው ለእኔ የሱቁ ዋና ዕቃ። ትራስ ሥር የምትደረግ ትንሽ ሥዕል ካለ ብዬ ስጠይቀው ፊቱን ቅጭም አደረገ። "እህቴ፣ ክታብ አይደለም" አለኝ። "ሥዕሉ አያዋልድም። መልአኩም በገዛ ሥልጣኑ አያዋልድም። ስሙ ራሱ እግዚአብሔር ፈወሰ ነው የሚለው፤ እኔ ፈወስኩ አይልም።" ቀጠለና መልአክ የሚለው ቃል ለአከ ከሚለው ግዕዝ እንደመጣ ነገረኝ፤ ላከ ማለት ነው። ላኪ ከሌለ መልአክ የለም። ይህን የሚለኝ ሻጭ ነው፣ ልብ በሉ። ሌላ ቦታ "ይህን ያነገተች በአንድ ሰዓት ትገላገላለች" ተብዬ አውቃለሁ።

ወረቀቱን አልገዛሁም። ፈረንጁን መልአክ እማዬ አትወደውም። ዲያቆኑ ግን ሚካኤሎቹን እያሳየኝ ልዩነቱን አስተማረኝ። ያ በየቤታችን ያለው፣ ሰይፉን ወደ ላይ አንስቶ ዲያብሎስን የረገጠው ሚካኤል፣ ጊዶ ሬኒ የሚባል ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1630ዎቹ ሮም ላለ ቤተ ክርስቲያን የሳለው ሥዕል ቅጂ ነው። እኔ ስንት ዓመት አክሱም ተስሎ ነው የሚመስለኝ የነበረው! በአገራችን አሣሣል መልአክና ቅዱስ ፊት ለፊት ያዩሃል፣ በሁለት ዓይናቸው። ዲያብሎስና ክፉ ሰው ናቸው ጎናቸውን ሰጥተው አንድ ዓይን ብቻ የሚታያቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን በገባሁ ቁጥር ዓይን መቁጠር ሆኗል ሥራዬ።

ስለዚህ በእጅ የሚሳል አዘዝኩ። ሰዓሊ አላቸው፣ በሸራ ይሠራል። 3,500 ብር ተባልኩ፤ ግማሹን ቀብድ ከፈልኩ። "ለጳጉሜን 3 ይደርሳል" አለኝ፣ ለበዓሉ ቀን።

አልደረሰም።

ጳጉሜን 3 ጠዋት ዝናቡ መጣ። የሰፈር ልጆች ራቁታቸውን ወጥተው "ሩፋኤል አሳድገኝ" እያሉ ይዘላሉ። እህቴ ሆዷን ደግፋ በመስኮት እጇን አወጣች። እማዬ ሳፋ ደቅና ጠበሉን ታጠራቅማለች። ግድግዳው ላይ ምስማሩ ብቻውን ቀርቷል። ደወልኩ፣ ድምፄም ከፍ ብሏል። ዲያቆኑ ረጋ ብሎ "በያለንበት እንቁም" አለኝ። ሳጥናኤል "እኔ ነኝ የፈጠርኳችሁ" ብሎ ዓለመ መላእክትን ሲያውክ፣ ገብርኤል "አምላካችንን እስክናገኝ በያለንበት እንቁም" ብሎ ያረጋጋበት ቃል ነው። ሰውየው ለዘገየ ዕቃ ተጠቀመበት። መናደድም መሳቅም አቃተኝ።

እህቴ መስከረም 2 ወለደች፣ ሴት ልጅ። ቀላል ምጥ ነበር ብዬ አልዋሽም፤ 14 ሰዓት ነው የቆየችው። ሥዕሉ የመጣው መስከረም 8 ነው። በባጃጅ ላኩት። ባጃጁ ሦስት ጊዜ ደወለልኝ። ታቦር ተራራ በኩል ስለው ፍቅር ሐይቅ ይሄዳል፣ ሐይቁ ጋ ነህ ስለው ተራራው ጋ ነኝ ይላል። የመንገድ መሪው መልአክ ሥዕል ሐዋሳን ዞሮ ነው ቤት የገባው።

ጋዜጣውን ስንፈታው ግን ቤቱ ዝም አለ።

ሩፋኤል ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ዓይኖቹ ትልልቅ፣ ሁለቱም እኛ ላይ። በቀኝ እጁ ጦር ይዟል። የጦሩ ጫፍ የወረደው ዓሣ አንበሪ ጀርባ ላይ ነው፤ አንበሪው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ተሸክሟል። ይሄ የስንክሳሩ፣ የቅዱሳን ታሪክ መጽሐፉ፣ ታሪክ ነው። በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት በቴዎፍሎስ ዘመን ደሴት ላይ የታነጸ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ደሴት ያሉት አንበሪ ሆኖ ተናወጠ፤ ሕዝቡ ሲጮኽ ሩፋኤል በጦሩ ወግቶ ጸጥ አደረገው። ከመልአኩ እግር ሥር በስተግራ፣ ሰዓሊው ጦብያን ጨምሮልኛል። አጭር ጋቢ የለበሰ ልጅ፣ ዓሣ ያንጠለጠለ። ዓሣው ቆሮሶ ነው፣ የሐይቃችን ዓሣ። የጀርባው እሾህ አንድ በአንድ ተቆጥሮ ተስሏል፣ ጅራቱ ላይ ያለው መስመር እንኳ አልቀረም። አሞራ ገደል ቁጭ ብሎ ያላየ ሰው እንዲህ አይስለውም። ውሻው የለም። ሰዓሊው ውሻ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አልስልም ብሏል አሉ።

የሰቀለው የእህቴ ባል ነው። እሱ ፕሮቴስታንት ነው። እማዬ ምን ይል ይሆን ብላ ስትሰጋ ነበር። "መልአክ መኖሩንማ እኔም አምናለሁ" አለ። "ዕብራውያን ላይ፣ መዳንን ለሚወርሱ ሊያግዙ የሚላኩ የሚያገለግሉ መናፍስት ይላቸዋል። ግን አልለምናቸውም። ዮሐንስም በራእዩ ሊሰግድ ሲወድቅ መልአኩ እንዳታደርገው ብሎታል።" ይህን ለዲያቆኑ ነገርኩት በኋላ። የአምልኮ ስግደት ለእግዚአብሔር ብቻ ነው፣ ለመልአክ የአክብሮት ነው አለኝ። ስለ ምልጃ ደግሞ መልአኩ ለኢየሩሳሌም "እስከ መቼ አትምራትም" ብሎ የለመነበትን ዘካርያስ 1፥12ን ጠቀሰልኝ። ወደ እህቴ ባል አላደረስኩትም። መልእክተኛነት ይብቃኝ። ብቻ ሰውየው ውኃ ልክ አምጥቶ፣ ምስማሩን ነቅሎ ትንሽ ወደ ቀኝ አድርጎ በደንብ ነው የሰቀለው።

አሁን ሐሜቱ። ፍሬሙ የማይረባ ነው። እንጨት ብለው የሸጡልኝ ችፑድ ነው። በሁለተኛው ሳምንት የታችኛው ማዕዘን ተላቀቀ፤ በሙጫ እኔው አጣበቅኩት። ቀለሙም በደንብ ሳይደርቅ ነው የተጠቀለለው መሰለኝ፤ መልአኩ ተረከዝ ላይ የጋዜጣ ፊደል ተለጥፎ ቀርቷል። ጠጋ ብሎ ያየ "ስፖ" የሚል ያነባል። ስለ መዘግየቱ ለእማዬ ብነግራት ተቆጣችኝ። "ሥዕሉ ነው እንጂ የዘገየው፣ እሱ መች ዘገየ?"

ለሥዕሉ 5 ኮከብ፣ ለዲያቆኑ 5፣ ለፍሬሙ 1። የምታዝዙ ከሆነ ከበዓሉ ሁለት ወር ቀደም በሉ። ሸራውን ብቻ ተቀብላችሁ ፍሬሙን ሌላ ቦታ አሠሩ። ባጃጁንም ራሳችሁ ያዙ።