ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን ደለስ፦ በየት በኩል መብረር ይሻላል?

ከደብረ ብርሃን፣ ከአንኮበር ወይም ከመሐል ሜዳ ተነሥቶ ልጆቹን ለመጠየቅ ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ ሰው ቲኬት ሲቆርጥ በአብዛኛው ከሚቀርቡለት አማራጮች አራቱን እናነጻጽር፤ እነርሱም የኢትዮጵያ አየር መንገድ የራሱ በረራ፣ እንዲሁም በፍራንክፈርት፣ በኢስታንቡልና በዱባይ አውሮፕላን እየተቀየረ የሚኬድባቸው ናቸው።

በቦሌና በዋሽንግተኑ የደለስ አየር ማረፊያ መካከል ያለው አጭሩ የአየር ርቀት 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በፍራንክፈርት ሲኬድ ድምሩ ወደ 11,900፣ በኢስታንቡል ወደ 12,100፣ በዱባይ ደግሞ ወደ 13,850 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። አውሮፓ በግድግዳ ካርታ ላይ ዙሪያ ጥምጥም መንገድ ቢመስልም፣ ምድር ክብ በመሆኗ አጭሩ መስመር ራሱ ከቦሌ ወደ ሰሜን ምዕራብ ስለሚያቀና፣ የፍራንክፈርቱና የኢስታንቡሉ መንገዶች ከእርሱ ብዙም አይርቁም። ዱባይ ግን መንገደኛውን በቅድሚያ ከመድረሻው በተቃራኒ አቅጣጫ ይወስደዋል። በአየር ላይ የሚያልፈው ጊዜም ይህንኑ ይከተላል፤ በፍራንክፈርት 16፣ በኢስታንቡል 17፣ በዱባይ 18 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ በመሄጃና በመመለሻ የተለያየ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመገኘቱ አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ተሳፋሪ ይዞ መነሣት ይከብደዋል፤ ወደ ምዕራብ ሲበር ደግሞ ነፋሱ ከፊት ይገጥመዋል። በዚህ ምክንያት ሲሄድ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ማረፉ የተለመደ ሲሆን፣ ጠቅላላ ጊዜው 16 እስከ 17 ሰዓት ነው፤ መንገደኛው ግን አውሮፕላን አይቀይርም። ሲመለስ ከደለስ ዝቅተኛ ሜዳ ነፋሱን ከኋላው አድርጎ ስለሚነሣ፣ ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ ይገባል። የማረፊያው ከተማ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ በሚገዙበት ዕለት ይጠይቁ።

እንግዲህ በአየር ላይ ያለው ልዩነት ከዱባይ በቀር ጥቂት ነው፤ ጉዞውን የሚያረዝመው በመቀየሪያው ከተማ የሚጠበቀው ጊዜ ነው። ከአንድ ሰዓት ተኩል ያነሰ ከሆነ ቀጣዩ በረራ ሊያመልጥ ይችላል፤ አሥር ሰዓት ከሆነ ደግሞ በዋጋ የተረፈው በድካም ይከፈላል። ቋንቋ ለማያውቁ አዛውንት እናትና አባት፣ ዋጋው ከፍ ቢልም የኢትዮጵያን በረራ እመርጣለሁ። ወጣት መንገደኛ ፍራንክፈርትን ወይም ኢስታንቡልን ቢይዝ አይጎዳም፤ ዱባይ ግን የሚመረጠው የዋጋው ልዩነት ጎላ ብሎ ሲታይ ብቻ ነው። በፍራንክፈርት ለሚያልፍ ኢትዮጵያዊ የአየር ማረፊያ ማለፊያ ቪዛ ያስፈልጋል፤ የጸና የአሜሪካ ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ የያዘ ግን ከዚህ ነጻ ነው። በየትኛውም በኩል ቢኬድ ሁለቱ በረራዎች በአንድ ቲኬት መቆረጥ አለባቸው፤ ለየብቻ ከተገዙ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥ ኪሳራው የመንገደኛው ነው።

ቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት የፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑንም ልብ ይሏል። 22:30 ማለት ከምሽቱ 4:30 ነው፤ «ሰኞ 00:30» ከተባለ ደግሞ እሑድ ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 6:30 ነውና፣ ሰኞ ማታ ቦሌ የሚደርስ ሰው በረራው አምልጦታል።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብትርቅም፣ መንገዱ አንዳንዴ ስለሚዘጋና ቦሌም ከበረራው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ቀድሞ መገኘት ስለሚያስፈልግ፣ ለማታ በረራ ጠዋት መነሣት ወይም ዋዜማውን አዲስ አበባ ማደር ይገባል። ለአጣዬና ለአካባቢው ሰው የኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ከቦሌ ይቀርባል፤ የአገር ውስጡ በረራ ከዋሽንግተኑ ጋር በአንድ ቲኬት ከተያዘ፣ ቢዘገይ እንኳ ሌላ በረራ የመፈለጉ ኃላፊነት የአየር መንገዱ ይሆናል።