የሳቅ ዮጋ ወይስ የጥሞና ሥልጠና፦ ሥራ ላዛለው የሕክምና ባለሙያ

የሕንዱ ሐኪም ማዳን ካታሪያ እ.ኤ.አ. በ1995 በሙምባይ መናፈሻ የጀመረው የሳቅ ዮጋ ቀልድ አይጠይቅም፤ ተሳታፊዎች ዓይን ለዓይን እየተያዩና እያጨበጨቡ «ሆ ሆ፣ ሃ ሃ ሃ» ሲሉ፣ ሆን ተብሎ የተጀመረው ሳቅ ብዙውን ጊዜ ወደ እውነተኛ ሳቅ ይለወጣል። ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ የመሠረተው የጥሞና ሥልጠና ግን ጸጥ ብሎ ትንፋሽን መከታተልን የሚያስተምር ሲሆን፣ ስምንት ሳምንትና የቤት ልምምድ ይፈልጋል።

ሌሊቱን በተረኝነት ላነጋች ነርስ፣ በርክክብ ሰዓት ከባልደረቦቿ ጋር አሥር ደቂቃ መሳቅ ይቀላል ባይ ነኝ፤ ዓይኗን ጨፍና ብትቀመጥ እንቅልፍ ይቀድማታልና። ሆኖም ታካሚ ባረፈበት ማለዳ ጥሞናው ይሻላል (ለቅሶ ቤት ደጃፍ ማን ይስቃል?)። በቅርቡ የሆድ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰውም ከሳቁ ልምምድ ቢቆይ ይመረጣል።