ሙጆኮ የሮቦት ፋይል ሲጭን ምን ምን ያደርጋል? ዶክዩሜንቴሽኑን አንብቤ

ሙጆኮ በሚባለው የፊዚክስ ሲሙሌተር፣ ማለትም የሮቦትን እንቅስቃሴ ኮምፒውተር ላይ በሚያስመስለው ፕሮግራም፣ ኤጀንቱ (ሮቦቱን መቆጣጠር በሙከራ የሚማረው ፕሮግራም) ሌሊቱን ሙሉ ሲሠለጥን አደረ። ጠዋት ሳየው የሮቦቱ ክንድ ንቅንቅ አላለም ማለት ይቻላል። ትንሽ ፈቀቅ ይልና ቀጥ ይላል። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሪዋርዱን (ኤጀንቱ ጥሩ ሲሠራ የሚሰጠውን ነጥብ) ነው፤ እሱን የሚያሰላውን ኮድ ስነካካ ሁለት ቀን ሄደ። ችግሩ ግን ፋይሉ ላይ ነበር። የመገጣጠሚያውን ወሰን ከዩአርዲኤፍ ፋይል (የሮቦት አካላትንና መገጣጠሚያዎችን የሚገልጽ የተለመደ ፎርማት ነው) ገልብጬ ወደ ሙጆኮ የራሱ ኤክስኤምኤል ፋይል ስወስድ 1.57 የሚለውን ቁጥር እንዳለ ለጠፍኩት። ዩአርዲኤፍ ላይ ይሄ ራዲያን (ሌላ የማዕዘን መለኪያ) ነው፣ 90 ዲግሪ ገደማ። ሙጆኮ ግን በራሱ ፎርማት ሌላ ካልተባለ በስተቀር ማዕዘን የሚያነበው በዲግሪ ነው። ክንዱ ከአንድ ዲግሪ ተኩል ብዙም እንዳያልፍ የገደብኩት እኔው ነኝ።

ይሄ የተደበቀ ነገር አይደለም። ኮምፓይለር ስለሚባለው ኤለመንት (ፋይሉ እንዴት እንደሚነበብ የሚወሰንበት የኤክስኤምኤል ክፍል) የሚያብራራው ቦታ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ማስተካከያውም አንድ ቃል ነው፤ አንግል በሚለው ቦታ ራዲያን ብሎ መጻፍ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዶክዩሜንቴሽኑን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ያዝኩ፤ ይሄን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

ሙጆኮ ሁልጊዜ ነጻ አልነበረም። ድሮ በፈቃድ ነበር የሚሠራው፤ የቁልፍ ፋይል ኮምፒውተራችሁ ላይ ካልተቀመጠ አይነሳም። በዶላር የሚከፍል ካርድ ለሌለን ሰዎች ይሄ ትልቅ አጥር ነበር። ዲፕማይንድ የተባለው የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 ገዝቶ ነጻ አደረገው፣ በ2022 ደግሞ ኮዱን ከፈተው። አሁን በፒፕ (የፓይተን መጫኛ) በአንድ መስመር ይገባል፤ ትንንሽ ሞዴሎችን ያለ ጂፒዩ (ግራፊክስ ካርድ) በተራ ላፕቶፕ ያስኬዳል።

ዶክዩሜንቴሽኑ በጣም የሚያምርበት ቦታ ሞዴልና ዳታን ለይቶ የሚያስረዳበት ነው። ፋይሉ ተነብቦ ሲኮምፓይል ሞዴል ይወጣል፦ ክብደቱ፣ ርዝመቱ፣ መገጣጠሚያው፣ ሲሙሌሽኑ እየሄደ የማይለወጠው ሁሉ። ዳታ ደግሞ ክንዱ በዚህ ቅጽበት የት እንዳለና በምን ፍጥነት እንደሚሄድ የሚይዘው ነው። ይሄን የተረዳ ሰው ኤጀንቱ አንድ ሙከራ በጨረሰ ቁጥር ፋይሉን እንደገና አይጭንም፤ ዳታውን ብቻ ሪሴት አድርጎ ይቀጥላል። ሙከራው ብዙ ሺህ ጊዜ ስለሚደጋገም ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ዩአርዲኤፍ ለምትጭኑ ደግሞ እዚህ ጋ ቆም በሉ። ሙጆኮ ዩአርዲኤፍ ሲሰጡት ካልከለከሉት በስተቀር ሦስት ነገር በዝምታ ያደርጋል። ለማሳያ ብቻ የተቀመጡ ቅርጾችን ይጥላል። አንዱ ከሌላው አንጻር የማይንቀሳቀሱ አካላትን ያዋህዳል። የሜሽ ፋይሎችን (የአካላቱን 3ዲ ቅርጽ የያዙትን) አድራሻ ቆርጦ ስማቸውን ብቻ ያስቀራል። ስለዚህ ሜሹ ንዑስ ፎልደር ውስጥ ተቀምጦ እያያችሁት ፋይሉ አልተገኘም ሊላችሁ ይችላል፣ ወይም ኮዳችሁ በስም የሚፈልገው አካል ከሌላ ጋር ተዋህዶ ጠፍቶ ታገኙታላችሁ። ሦስቱንም ማጥፋት ይቻላል፤ ዩአርዲኤፉ ውስጥ ሙጆኮ የሚል ኤለመንት አስገብቶ ምርጫውን እዚያ መጻፍ ነው።

ቅር ያለኝ ነገር አለ። ይሄ ሁሉ መረጃ አንድ ቦታ አልተሰበሰበም። ግማሹ ስለ ሞዴል አሠራር በሚያወራው ምዕራፍ፣ ግማሹ በጣም ረጅም በሆነው የኤክስኤምኤል ማጣቀሻ ውስጥ ነው። ጽሑፉ የሜካኒክስ ትምህርት ላለው ሰው የተጻፈ ይመስላል፤ ከሶፍትዌር በኩል የመጣ ሰው ኢነርሺያ (አካሉ የእንቅስቃሴ ለውጥን የሚቋቋምበት ባሕርይ) ላይ ሲደርስ መንተባተቡ አይቀርም። የስህተት መልእክቶቹ ግን ጥሩ ናቸው፤ የኤለመንቱን ስምና የመስመሩን ቁጥር ይናገራሉ። በእርግጥ የእኔን ዓይነት ስህተት አይዙም፣ ምክንያቱም 1.57 ዲግሪም ትክክለኛ ቁጥር ነው።

ኢንተርኔት ለሚቆራረጥበት ሰው አንድ ጥሩ ነገር ልንገራችሁ። የዶክዩሜንቴሽኑ ምንጭ ከኮዱ ጋር እዚያው ማከማቻ ውስጥ፣ በጽሑፍ ፋይል መልክ አለ። አንዴ ካወረዳችሁት ያለ ኔትወርክ ቃል እየፈለጋችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። እኔ አሁን በአብዛኛው የማነበው እንደዚያ ነው።

ኤጀንቱን ጂምናዚየም በሚባለው የማሠልጠኛ ላይብረሪ ለምታሠለጥኑ፣ አንት የሚባለው ኢንቫይሮንመንት (ኤጀንቱ የሚሠለጥንበት ዝግጁ መድረክ) 5ኛው ቅጂ የራሳችሁን ኤክስኤምኤል ፋይል ይቀበላል። ሜናጄሪ ከሚባለው የሞዴሎች ስብስብ ዩኒትሪ ጎ1 የተባለውን ባለ አራት እግር ሮቦት ወስዶ እንዴት እንደሚገባ የሚያሳይ ማስተማሪያም በጂምናዚየም ገጽ ላይ አለ። ጀማሪ ከሆናችሁ ከዚያ ጀምሩ፤ የሜናጄሪ ፋይሎች ተስተካክለው የቀረቡ ናቸው።

እኔ አሁን ማንኛውንም ፋይል ስጭን፣ ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊት የመገጣጠሚያዎቹን ወሰን ከሞዴሉ ላይ ፕሪንት አድርጌ አያለሁ። ከተጫነ በኋላ ማዕዘኑ የሚቀመጠው በራዲያን ነው። 0.027 የሚል ቁጥር (1.57 ዲግሪ በራዲያን ሲሆን ማለት ነው) ካየሁ ወደ ፋይሉ እመለሳለሁ።