ፒያሳ ያለችው የአሮጌ መጻሕፍት ሱቅ

ስለ ጎንደርና ስለ ልጆቿ ማንበብ ከፈለጋችሁ ፒያሳ ወዳለችው ጠባብ የአሮጌ መጻሕፍት ሱቅ ጎራ በሉ። ምርጫው ብዙ ነው፤ ግን ወደ ቤተ መንግሥት ያደላል። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከተማዋን መቆርቆራቸው የሌለበት መጽሐፍ የለም። ስለ እቴጌ ምንትዋብና ስላሠሯት የቁስቋም ቤተ ክርስቲያንም ጥሩ ጥሩ ነገር አለ። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ (የሱዳን ማህዲስቶች ጦር) ከተማዋን ሲያቃጥል የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደተረፈች የሚተርከው መጽሐፍ፣ ንቦች ወራሪውን አባረሩ ከሚለው አፈ ታሪክ ጋር፣ እንቅልፍ ነሳኝ። ስለ ቅኔ መምህራኑ፣ ስለ አዝማሪዎቹ፣ ጎንደር አጠገብ ስላለችው የወለቃ መንደር ሸክላ ሠሪዎች ግን ብትፈልጉ ጠብ የሚል የለም። የጎንደር ልጅ ንጉሥ ብቻ ነው እንዴ? ባለሱቁ ጋሼ «ቁጭ ብለህ አንብብ» ይላሉ፤ ዋጋ ላይ ግን ንክች አያደርጉም። በፎቶ ኮፒ የተባዛውን መጽሐፍ አትግዙ፤ ገጽ ይጎድለዋል።