ከአጥር ሥር ያሉት ማመልከቻ ጸሐፊ

አያት ዳር፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ቀለሙ የለቀቀ የቢራ ጃንጥላ ዘርግተው የሚቀመጡ ማመልከቻ ጸሐፊ አሉ። ኮምፒውተር የላቸውም። ካርቦን አንጥፈው በእስክሪብቶ ነው የሚጽፉት፤ የእጅ ጽሑፋቸው ግን የታተመ ይመስላል።

መጀመሪያ የሄድኩት ኅዳር 2014 ነው። ወንድሜ ከተያዘ 11ኛ ቀኑ። ምሳ ዕቃውን ይቀበሉኛል፣ ባዶውን ይመልሱልኛል። «ፍርድ ቤት መቼ ይቀርባል?» ስል መልስ የለም።

ጋሼ ሰምተውኝ ሲጨርሱ እስክሪብቶውን ከደኑት። «በ48 ሰዓት ሳይቀርብ ሲቀር አካልን ነጻ የማውጣት፣ ማለት ‹ያለ ሕግ የተያዘው ሰው ፍርድ ቤት ይቅረብ› የሚል፣ አቤቱታ እጽፍ ነበር። አሁን ግን ጥቅምት 23 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አለ። እሱ እስካለ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዘው ማቆየት ይችላሉ።» ከፌስታል ውስጥ ጠርዙ የተበላ ሕገ መንግሥት አወጡ። አንቀጽ 93 ላይ፣ በአስቸኳይ ጊዜም የማይነኩትን በጣታቸው ቆጠሩልኝ። 1፣ 18፣ 25፣ ከ39 ደግሞ ንዑስ 1 እና 2። 48 ሰዓቱ ያለው 19 ላይ ነው። ጣታቸው 18 እና 25 መካከል ቆማ ቀረች።

«150 ብርሽን ያዢ፣ ልጄ።»

እውነቱን ለመናገር ተናደድኩባቸው። ከጎናቸው ያለው ባለ ላፕቶፕ በ300 ብር «እንሞክራለን» ብሎኝ ነበርና ለእሱ ልከፍል ምንም አልቀረኝም።

የካቲት 8 ምክር ቤቱ አዋጁን አነሳ። ወንድሜ ግን አልወጣም። በማግሥቱ ስሄድ ጋሼ አልረሱኝም፤ ወንበሩን እንኳ ሳልስብ «ስንት ቀን ሞላው?» አሉኝ። መቼ፣ የት፣ በማን እንደተያዘ ሦስት ጊዜ ደጋግመው ጠየቁኝ። «ማን እንደያዘው ካልተጻፈ፣ ዳኛው ማንን አቅርብ ይበሉ?» በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 177 መሠረት ሁለት ገጽ ጻፉልኝ፣ ቃለ መሐላም አያያዙበት። የእስር ጉዳይ በፍትሐ ብሔር ሕግ መሄዱ እስካሁን ይገርመኛል።

ወንድሜ ቀጠሮው ሳይደርስ ተለቀቀ። በአቤቱታው ይሁን በሌላ የነገረን የለም።

ጉድለታቸውንም ልናገር። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት አይመጡም። ዝናብ ከጣለ ጃንጥላው የሚበቃው ለወረቀቱ ብቻ ነው፣ ደንበኛው ይበሰብሳል። ቴሌብርም አይቀበሉም። ስትሄዱ ዝርዝር ብር ያዙ፤ መልስ የላቸውም።