«ካራክተሮቹ በሙሉ አሉበት» ተብሎ የሚሸጥ የአኒሜ ፍልሚያ ጌም ከመግዛታችሁ በፊት

ይህን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው በአኒሜ ላይ የተመሠረቱ የፍልሚያ ጌሞችን ለምትወዱ፣ በተለይም ያገለገለ ዲስክ ለመግዛት ለምታስቡ ሁሉ ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ሻጭ፣ ለዓመታት ስፈልገው የነበረ የፍልሚያ ጌም ዲስክ «ካራክተሮቹ በሙሉ አሉበት» ብሎ ሸጠልኝ። ሽፋኑም የሻጩን ቃል የሚያጸና ይመስል ነበር፤ የጨዋታው ከፍተኛ እትም መሆኑ በደማቅ ፊደል ተጽፎበታል፣ በጀርባውም በኋላ የተጨመሩት ተፋላሚዎች ምስል ተደርድሯል። ከተራው እትም የበለጠ ዋጋ የከፈልኩትም ለእነዚያ ተጨማሪ ተፋላሚዎች ብዬ ነበር። ቤት ገብቼ ስከፍተው ግን በመምረጫው ገጽ ላይ አንዳቸውም የሉም። በሳጥኑ ውስጥ ያገኘኋት የኮድ ወረቀት የመጀመሪያው ባለቤት ቀድሞ የተጠቀመባት ነበረች። ተጨማሪዎቹን ለብቻቸው ልግዛ ብዬ ወደ ኮንሶሉ የመሸጫ ገጽ ስገባ ደግሞ ጨዋታው ከነተጨማሪዎቹ ከሽያጭ ከወጣ ሰንብቷል፤ ስለዚህ ገንዘብ ብጨምር እንኳ የማገኘው ነገር አልነበረም። ሻጩን ብጠይቀው «ሽፋኑ ላይ ያለውን ነው ያነበብኩልህ» አለኝ፤ ምናልባትም እውነቱን ነው።

ችግሩ የአንድ ሻጭ ብቻ ሳይሆን የእነዚህ ጨዋታዎች አሠራር የሚፈጥረው ስለሆነ አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። ዲስኩ የሚይዘው ጨዋታው በታተመበት ጊዜ የነበረውን ይዘት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ተፋላሚዎች በዲኤልሲ (ለብቻው ተገዝቶ ከኢንተርኔት በሚወርድ ተጨማሪ ይዘት) መልክ ይሸጣሉ፤ የመጠቀም ፈቃዳቸውም የሚመዘገበው በዲስኩ ላይ ሳይሆን በገዢው አካውንት ላይ ነው። በሳጥን የሚሸጥ ከፍተኛ እትም አብዛኛውን ጊዜ ከተራው የማይለይ ዲስክና አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ የኮድ ወረቀት የያዘ ነው። ኮዱ አንዴ ከገባ፣ ዲስኩ ከእጅ ወደ እጅ አሥር ጊዜ ቢዘዋወር እንኳ፣ ተጨማሪዎቹ ከመጀመሪያው ባለቤት አካውንት አይነቃነቁም። ሁሉንም ይዘት በዲስኩ ላይ ያሳተሙ እትሞች የሉም ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን የትኛው እንዲህ እንደሆነ ሽፋኑን በማየት ብቻ መለየት አይቻልም።

እኔን ያታለለኝ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ሻጩ ዲስኩን በራሱ ኮንሶል ላይ ከፍቶ አሳይቶኝ ነበር፤ ተፋላሚዎቹም በእርግጥ ሁሉም ተደርድረው ነበር። ያን ጊዜ ያላሰብኩት፣ የማየው የዲስኩን ይዘት ሳይሆን በዚያ ኮንሶል ላይ የተመዘገበውን አካውንት ንብረት መሆኑን ነው። በፕሌይስቴሽን 4 አንድ አካውንት ኮንሶሉን ዋና መጠቀሚያው አድርጎ ካስመዘገበ፣ በዚያው ኮንሶል ላይ የሚጫወት ሌላ ተጠቃሚ ሳይቀር የዚያን አካውንት ዲኤልሲ ይጠቀማል። ስለዚህ ሻጩ በሌላ ተጠቃሚ ስም ገብቶ ቢያሳያችሁ እንኳ የሚያረጋግጠው ነገር የለም። ከዚህ የባሰ የሚያናድደው ደግሞ፣ የአብዛኞቹ ጨዋታዎች ማሻሻያ የአዲሶቹን ተፋላሚዎች ፋይል ለሁሉም ስለሚያወርድ፣ ያልገዛችሁት ገጸ ባሕርይ በኮንሶላችሁ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ልትመርጡት አለመቻላችሁ ነው፤ የምታገኙት በኦንላይን ሌላው ሰው መርጦት ሲደበድባችሁ ብቻ ነው።

የጉዳዩን ስፋት ለማሳየት ድራጎን ቦል ፋይተርዚን ልጥቀስ። አርክ ሲስተም ወርክስ ሠርቶት ባንዳይ ናምኮ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ይህ ጨዋታ፣ በእኔ ግምት፣ አኒሜን ወደ ፍልሚያ ጌም በማምጣት ረገድ ከተሠሩት ሁሉ የላቀ ነው። ተፋላሚዎቹ በኮምፒውተር ሞዴል የተሠሩ ሆነው ሳለ በእጅ የተሳሉ ይመስላሉ፤ ሦስት ለሦስት የሚደረገው ፍልሚያ ፍጥነቱ ከአኒሜው አያንስም፣ ታላላቆቹ ምቶችም የማንጋው (የጃፓኑ የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) ገጽ ነፍስ ዘርቶ የተነሣ ያህል ናቸው። ይህን ሁሉ የምለው የማስጠነቅቀው ስለ መጥፎ ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ እንድትረዱልኝ ነው። ጨዋታው ሲወጣ 24 ተፋላሚዎች ነበሩት። ከዚያ በመጀመሪያው ፓስ (በርካታ ተፋላሚዎች በአንድነት የሚሸጡበት ጥቅል) 8፣ በሁለተኛው 6፣ በሦስተኛው 5፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ለብቻዋ የተሸጠች አንዲት ተፋላሚ ተጨምረው ቁጥሩ 44 ደረሰ። ጨዋታው በወጣ ጊዜ «አልቲሜት» ተብሎ የተሸጠው ውድ እትም የመጀመሪያውን ፓስ፣ የአኒሜውን ሙዚቃና የአስተያየት ሰጪ ድምፆችን የያዘ ነበር። ስሙ ከዚህ በላይ የለም የሚል ቢመስልም፣ ያንን እትም የገዛ ሰው ያገኘው ከ44ቱ 32ቱን ነው፤ የቀሩትን 12 በየጊዜው ተጨማሪ እየከፈለ መግዛት ነበረበት። እንግዲህ የዚህን ጨዋታ ዲስክ ከሁለተኛ ወይም ከሦስተኛ እጅ የሚገዛ ሰው የሚያገኘው 24ቱን ብቻ ይሆናል።

የአገር ወይም የክልል ጉዳይም አለ፤ ብዙ ሰው የማያስተውለው ወጥመድ እርሱ ነው። በፕሌይስቴሽን 4 ዲኤልሲው የተገዛበት የመሸጫ ክልልና ዲስኩ የታተመለት ክልል መግጠም አለባቸው። ለአውሮፓ የታተመ ዲስክ ይዛችሁ በአሜሪካ አካውንት ተጨማሪ ተፋላሚ ብትገዙ ክፍያው ያልፋል፣ ፋይሉም ይወርዳል፣ ጨዋታው ግን አያውቀውም። ያገለገለ ዲስክ ከየት እንደመጣ ስለማይታወቅ በሳጥኑ ጎን ያለውን የክልል መለያና የዕድሜ ደረጃ ምልክት ማየት የግድ ነው።

ወደ እኔ ዲስክ ልመለስ። ተጨማሪዎቹ ከሽያጭ የወጡት ለምን እንደሆነ ስመረምር፣ ይህ በአኒሜ ጌሞች ላይ ከሌሎቹ የበለጠ የሚያጋጥም መሆኑን ተረዳሁ። እነዚህ ጨዋታዎች የሚሠሩት ከባለመብቶች በሚገኝ ፈቃድ ነው፤ ማንጋው፣ አኒሜው፣ ዘፈኑና ድምፁ እያንዳንዱ የራሱ ባለቤት ሊኖረው ይችላል፣ ፈቃድ ደግሞ ጊዜ አለው። በይፋ ከሚታወቁት ውስጥ ጃምፕ ፎርስ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሾነን ጃምፕ የተባለው የማንጋ መጽሔት 50ኛ ዓመት ሲከበር የተዘጋጀው ይህ ጨዋታ ናሩቶን፣ ጎኩንና ሉፊን ጨምሮ የበርካታ ማንጋ ጀግኖችን በአንድ ሜዳ አሰልፎ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2019 ወጣ። በፌብሩዋሪ 2022 የዲጂታል ሽያጩ ከነዲኤልሲው ተቋረጠ፤ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ደግሞ በደረጃ የሚደረገው የኦንላይን ግጥሚያ፣ የውስጥ መደብሩና ሌሎች የኦንላይን አገልግሎቶች ተዘጉ። የኔንቲዶ ስዊች እትሙ የወጣው በኦገስት 2020 ስለነበረ በዲጂታል መደብር ለሽያጭ የቆየው አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ብቻ ነው። አስቀድመው የገዙ ሰዎች ያላቸውን ይዘው ቀሩ፤ ዛሬ ዲስኩን የሚገዛ ሰው ግን ተጨማሪዎቹን የሚያገኝበት ሕጋዊ መንገድ የለውም። ያገለገለው ዲስክ ዋጋ አንዳንዴ የሚወደደው «ከገበያ ጠፍቷል» በሚል ነው፤ እንዲያውም የሚረክስበት ምክንያት ሊሆን ይገባ ነበር።

«እንግዲያስ አዲሱን በወጣበት ቀን፣ ትልቁን እትም እገዛለሁ» የምትሉ ትኖራላችሁ። እርሱም የራሱ ጣጣ አለው። የተፋላሚዎች ቁጥር ማስታወቂያው ከሚያጎላቸው ነገሮች ቀዳሚው ነው፣ አቆጣጠሩ ግን እንደ ጨዋታው ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ድራጎን ቦል ስፓርኪንግ ዜሮ 182 ተፋላሚዎች ይዞ መጣ፤ ይሁን እንጂ ጎኩ በየዕድሜውና በየቅርጹ እንደ ሌላ ሰው እየተቆጠረ ደጋግሞ ይገኛል። በ2021 የወጣው የዲመን ስሌየር ጌም ሲጀምር ከነበሩት 18 ውስጥ 6ቱ እነዚያው ገጸ ባሕርያት የትምህርት ቤት ልብስ ለብሰው የቀረቡ ነበሩ፤ ስድስት አጋንንት የተጨመሩት ከወጣ በኋላ ነው፣ እነርሱ ግን በነፃ በመሆናቸው ላመሰግን ይገባል። ቁጥር ብቻውን ጨዋታን ጥሩ አያደርገውም። በ2020 የወጣው የዋን ፓንች ማን ጌም ዋናውን ጀግና ሳይታማን ሜዳ ላይ ዘግይቶ እንዲደርስ አድርጎ፣ እስኪደርስ ጓደኞቹ እንዲቆዩለት፣ ሲደርስም በአንድ ቡጢ እንዲጨርስ ማድረጉ የአኒሜውን ቀልድ በትክክል የተረዳ ሐሳብ ነበር፤ የቀረው የጨዋታው ክፍል ያን ያህል ባይሆንም።

አስቀድሞ ለሚገዛ የሚሰጠው ስጦታም ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። በፋይተርዚ ቅድመ ግዢ የተሰጡት የጎኩና የቬጂታ ሰማያዊ ቅርጾች ማንኛውም ሰው በመጫወት የሚከፍታቸው ነበሩ፤ በስፓርኪንግ ዜሮም ውዱን እትም የገዙ ሰዎች ካገኟቸው ጥቅሞች አንዱ ከሌላው ሦስት ቀን ቀድመው መጀመራቸው ነው። በዚያው ጨዋታ ሁለት ሰው በአንድ ስክሪን ሲጫወት፣ በወጣበት ጊዜ የሚፈቀደው ሜዳ አንድ ብቻ፣ «የጊዜ ክፍል» የሚባለው ነጭ ሜዳ መሆኑን ደግሞ ከወንድሙ ጋር ሊጫወት የገዛ ሰው ያወቀው ከከፈለ በኋላ ሊሆን ይችላል።

ትሬይለሮችን (የማስተዋወቂያ ቪዲዮዎችን) በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። የሚታዩት ታላላቅ ምቶች ናቸው፤ እነርሱም በሁሉም የአኒሜ ጌም ያምራሉ። የማይታየው የታሪኩ ክፍል ነው። በ2024 የወጣው የጁጁትሱ ካይሰን ጌም፣ ከርስድ ክላሽ፣ ታሪኩን በአብዛኛው የሚተርከው ከአኒሜው በተወሰዱ የማይንቀሳቀሱ ምስሎች ነው፤ በ2023 የወጣው የናሩቶ ስቶርም ኮኔክሽንስም የቀድሞዎቹ የስቶርም ጌሞች በታላቅ ትዕይንት ያሳዩትን ታሪክ በአብዛኛው በምስል ቅንጭብ አሳጥሮታል። ስቲም የተባለው የፒሲ ጌም መደብር የገንዘብ ተመላሽ ደንብ ከግዢው በኋላ 14 ቀንና ከ2 ሰዓት ያነሰ ጨዋታ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ በስቲም የምትገዙ ከሆነ የኦንላይኑን ፍልሚያ ለኋላ ትታችሁ በመጀመሪያው ሰዓት የታሪኩን ክፍል ክፈቱት። በፕሌይስቴሽን መደብር ግን ማውረድ ከጀመራችሁ፣ ጉድለት ከሌለበት በቀር፣ ገንዘቡን መመለስ አይቻልም፤ እዚያ አስቀድሞ መመልከት ብቻ ነው መከላከያው።

ኦንላይን ለመጫወት የሚገዛ ሰው ደግሞ አንድ ጥያቄ መጠየቅ አለበት፦ ጨዋታው ሮልባክ አለው ወይስ የለውም? የፍልሚያ ጌም በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል) ይሄዳል፣ አንዱ ፍሬም 17 ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም። በድሮው አሠራር ጨዋታው የተጋጣሚያችሁ ትእዛዝ በኢንተርኔት እስኪደርስ ይጠብቃል፤ መስመሩ ሲዘገይ ቡጢያችሁም ይዘገያል፣ የተለማመዳችሁት ቅንብር ሁሉ ይበላሻል። ሮልባክ ግን የተጋጣሚውን እንቅስቃሴ ገምቶ ይቀጥላል፤ ግምቱ ከተሳሳተ ወደ ኋላ ተመልሶ ያርመዋል። ፋይተርዚ ሮልባክን ያገኘው ከስድስት ዓመት በኋላ በ2024 ነው፤ ያውም በፒሲ፣ በፕሌይስቴሽን 5ና በኤክስቦክስ ሲሪስ እንጂ በፕሌይስቴሽን 4፣ በኤክስቦክስ ዋንና በስዊች አይደለም። ርካሽ የሆነውን የስዊች ካርድ ወይም የፕሌይስቴሽን 4 ዲስክ አይታችሁ «ያው አንድ ጨዋታ ነው» እንዳትሉ። የፕሌይስቴሽን 4ቱ ዲስክ ወደ ፕሌይስቴሽን 5 እትም በነፃ ይሸጋገራል፣ ነገር ግን ዲስክ የማይቀበለው የፕሌይስቴሽን 5 ዓይነት ላለው ሰው ይህ ምንም አይረባውም።

ዛሬ ብገዛ የማደርገውን ልንገራችሁ። ያገለገለ ዲስክ ሲቀርብልኝ የምከፍለው ለተራው እትም ብቻ ነው፤ ሽፋኑ ምንም ይበል፣ የኮዱ ወረቀት ሳይነካ እስካላየሁ ድረስ ለተጨማሪዎቹ ሳንቲም አልጨምርም። ወረቀቱ ቢኖርም ኮዱ የሚያበቃበት ቀን እንዳለው አያለሁ፣ ብዙዎቹ አላቸውና። ሻጩ ሊያሳየኝ ከፈለገ በእኔ ኮንሶልና በእኔ አካውንት ያሳየኝ። ከመክፈሌ በፊትም ስልኬን አውጥቼ ተጨማሪዎቹ በእኔ ክልል መደብር አሁንም በሽያጭ ላይ መሆናቸውንና የሁሉም ድምር ስንት እንደሆነ አያለሁ፤ ሁሉንም ያጠቃለለ ዲጂታል እትም በቅናሽ ወቅት ከዲስኩና ከፓሶቹ ድምር በታች ሆኖ ያገኘሁበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ዲስክ ቀርቶ አካውንት ልሽጥላችሁ የሚል ሰው ከመጣ ደግሞ ጨርሶ አትስሙት፤ የመጀመሪያው ባለቤት በፈለገ ቀን የይለፍ ቃሉን አስመልሶ ሊወስደው ይችላል፣ የመደብሮቹ ደንብም አካውንት መሸጥን ስለማይፈቅድ የምታቀርቡት አቤቱታ ሰሚ አያገኝም።

የእኔን ዲስክ ለመሸጥ አውጥቼዋለሁ። ዋጋውን ወደ ተራው እትም አውርጄ፣ ኮዱ ጥቅም ላይ መዋሉንና ተጨማሪዎቹ ከእንግዲህ እንደማይገኙ በወረቀት ጽፌ ሽፋኑ ላይ ለጥፌበታለሁ። እስካሁን ሁለት ሰዎች ዲስኩን አንሥተው አይተውታል፤ ሁለቱም ወረቀቱን ወደ ጎን ገለጥ አድርገው ከሥሩ ያለውን ሥዕል ካዩ በኋላ የጠየቁኝ «ካራክተሮቹ በሙሉ አሉበት አይደል?» ብለው ነው።